የወረዳው ሐኪም ለምን ይሄዳል?

በክረምት፣ ወንዝ ሞልቶ ሳለ፣ ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ወረዳው ሆስፒታል ሲደርሱ «ሐኪሙ ለትምህርት ሄዷል» የሚል መልስ የሚገጥማቸው ሰዎች አሉ። ከዚያ በኋላ በቀበሌው ስብሰባ የሚነሣው ቅሬታም የታወቀ ነው፤ «ገና ስንለምደው ወሰዱብን» ይባላል። ቅሬታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ በምን መንገድ እንደ መጣና ለምን እንደሚሄድ የሚያውቅ የገበሬ ማኅበር መሪ ከማማረር አልፎ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል።

አንድ ወጣት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ጠቅላላ ሐኪም ለመባል ከ6 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመጽሐፍና በቤተ ሙከራ ያልፋሉ፤ ቀጥሎ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሆኖ ይማራል። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። በዚህ ጊዜ ተለማማጅ ሐኪም፣ በተለመደው አጠራር «ኢንተርን» ይባላል። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማኅፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ፣ ተረኛ ሆኖ ሌሊቱን እያደረ፣ ደም እየቀዳና ቁስል እየሰፋ ይሠራል። እርሻን ለምታውቁ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልጅ መጀመሪያ እርፍ የሚጨብጠው አባቱ ከጎኑ ቆሞ ነው፤ ትልሙ ሲጣመም የሚያቃናለት አለ። ተለማማጁም ምላጭ የሚያነሣው ከበላዩ አዋቂ ሲኖር ነው።

ተመርቆ ወረዳ ሲመደብ ግን ያ አዋቂ ብዙ ጊዜ ከጎኑ የለም። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚባለው ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ሲሆን፣ ሸክሙ የሚወድቀው በአብዛኛው ገና ከትምህርት ገበታ በተነሡ ጥቂት ጠቅላላ ሐኪሞች ላይ ነው። ወጣቱ ቀዶ ማዋለድን በልምምድ ዘመኑ አይቷል፣ ረድቷልም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ብቻውን ለመወሰን ግን ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልገዋል። ቢደፍርም እንኳ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ የተዘጋጀ ደም፣ ውሃና መብራት ከሌሉ እጁ የታሰረ ነው። ሕዝቡ ይህን ሳያይ «ልጅ ነው፣ አያውቅም» ይላል።

ባለሙያን ለገጠር ብሎ ማሠልጠን አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያስተምር ነበር። በኋላም ጅማ ማኅበረሰብ ተኮር የሚባለውን ትምህርት ይዞ ተነሥቶ ተማሪዎቹን ከሕዝቡ መንደር ድረስ ያወጣ ጀመር።

አሁን ወደ ቅሬታው እንመለስ። ጠቅላላ ሐኪም መሆን የሙያው መጨረሻ አይደለም። የስፔሻሊቲ ትምህርት፣ ማለትም «ሬዚደንሲ»፣ ለውስጥ ደዌና ለሕፃናት ሕክምና 3 ዓመት፣ ለማኅፀንና ጽንስ 4 ዓመት ይወስዳል። ቀዶ ሕክምናም ከ4 ዓመት አያንስም። ይህ ትምህርት የሚሰጠው ደግሞ በትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ነው። ስለዚህ ለወጣቱ ሐኪም ማደግ ማለት መሄድ ሆነ ማለት ነው። ሲጨርስም ብዙውን ጊዜ የሚመደበው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለማገልገል በታሰበው አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም ከዚያ በላይ ባለው ነው እንጂ ወደ ወረዳው አይመለስም። የደመወዙ ነገርም አለ። በግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ ኋላም በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሐኪሞች በአደባባይ ያነሡት ጥያቄ ይኸው ነበር።

ለዚህ ክፍተት የተበጀ አንድ መላ አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጤና መኮንኖችን 3 ዓመት አሠልጥኖ በቀዶ ማዋለድንና የትርፍ አንጀትን የመሰሉ አጣዳፊ ቀዶ ሕክምናዎችን እንዲሠሩ ማድረግ ተጀመረ። በጸሐፊው አስተያየት ለገጠር እናት ከተደረጉት ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች በወረዳ ሆስፒታል እየሠሩ ሳለ ወጣቱም ሐኪም የሚጠይቀው ሰው አገኘ ማለት ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪ ሐኪም ሊያሠለጥን አይችልም፤ ሐኪሙ የሚቆይበትን ጊዜ ፍሬያማ ማድረግ ግን ይችላል። ከሆስፒታሉ አጠገብ ንጹሕ የመኖሪያ ቤት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ በከተማው ዳር ተከራይቶ የሚኖር ተረኛ በሌሊት ሲጠራ ለመድረስ ይቸገራል። ሕመምተኛውን በጊዜ፣ ከጤና ጣቢያው የተሰጠ የሪፈር ወረቀት አስይዞ መላክም የሐኪሙን ሥራ ያቀልለታል። ከሁሉም በላይ ግን በሆስፒታሉ የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ አለ። ይህ ተወካይ ለአበል ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ወንበሩ ባዶ ነው።

በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ተወካያችሁ እነዚህን ይጠይቅ። ሐኪሙ ለስፔሻሊቲ የሚወዳደረው መቼ ነው? ተተኪው ከወዲሁ ተጠይቋል ወይ? ተተኪው ቢዘገይ የቀዶ ሕክምናውን ተረኛነት ማን ይይዛል? በዚያ መካከል የምትመጣው ወላድ ወደ የትኛው ሆስፒታል ትላካለች፣ አምቡላንሱስ ነዳጅ አለው?