ከለቅሶ ቤት የመጣ ስም

ጎንደርና ዙሪያዋ ልጅ የቀበረች እናት ዘንድ የሚገባ ለቀስተኛ ብዙ አያወራም። «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። ጥቂት ተቀምጦ ሲነሣ ደግሞ «እሱ ይካስሽ» ብሎ ይወጣል። ዓመት ሁለት ዓመት አልፎ ያችው ሴት ወንድ ልጅ ስትታቀፍ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገንፎ የሚቀምሱት ጎረቤቶች የልጁን ስም ሲሰሙ አዲስ አይሆንባቸውም። ቀድሞ ራሳቸው የመረቁት ነውና፦ ካሳ።

ስሙ ዘመዶች አሉት። ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሴ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ካሳነሽ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝና ማስረሻም በዚያው ደጃፍ የቆሙ ስሞች ናቸው፤ ሁሉም ከሞት በኋላ ይወጣሉ፣ ግን እኩል አይናገሩም። ማስረሻ የተባለው ልጅ ሐዘኑን እንዲያስረሳ ይጠበቅበታል። ምትኩ በሟቹ ቦታ ገብቷል። ካሳ ግን ከሁሉም ይልቅ ሒሳብ የያዘ ስም ነው፤ የጠፋው ጠፍቷል፣ የሚገባኝን ተቀበልኩ ይላል። እናትየው አልረሳችም፣ ከፈጣሪዋ ጋር ግን ታርቃለች።

ይህን ለመረዳት ቃሉ በደም ጉዳይ ላይ ምን እንደሚሠራ ማየት ይበጃል። በሰሜን ጎንደር ደጋ ሰው ተገድሎ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ጉዳዩ የሚያልቀው በእርቅና በደም ካሳ ነው፤ የገዳይ ወገን ይከፍላል፣ የሟች ወገን ይቀበላል፣ ቂሙ ይዘጋል። ካልተቀበለ የቀረው መንገድ ደም መመለስ ነው። እንዲህ ባለው ቤት አባቱ ከተገደለ በኋላ የተወለደ ወንድ ልጅ ከሁለት ስም አንዱን ሊያገኝ ይችላል፦ ካሳ ወይም ደመላሽ። የመጀመሪያው ዕዳው ተከፍሏል የሚል ሲሆን ሁለተኛው ገና አልተከፈለም የሚል ነው። ገና በጡት ላይ ላለ ሕፃን ደመላሽ ማለት የሃያ ዓመት ቀጠሮ መስጠት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአማርኛ ስሞች ሁሉ እንደ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቃል የቤተሰብን ልብ የሚያሳይ የለም።

ልጁ በአርባኛው ቀን ክርስትና ሲነሣ የሚያገኘው የክርስትና ስም የራሱ ነው፤ ወልደ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ተብሎ በቄስና በቤተሰብ ዘንድ ይያዛል። በአደባባይ የሚጠራበት ስም ግን በእናቱ ወይም በአያቱ አፍ የወጣ ነው። ካሳ የሚባል ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው የራሱን ታሪክ ሳይሆን ከእርሱ በፊት የሆነውን የቤቱን ታሪክ ነው።

ስሙ በታሪክ ገናና የሆነው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በቋራ የተወለደው ካሳ ኃይሉ በጠላቶቹ አፍ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ነበር። ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አድርጎ ስሜን ሲደርስ ግን ስድቡ የሚያስቅ አልነበረም። ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ካደረገ በኋላ፣ ውቤ ለገዛ ንግሡ ብሎ ባሠራት በደረስጌ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። ዛሬ ጃናሞራ ወረዳ ውስጥ ባለችው በዚያች ቤተ ክርስቲያን ካሳ የተባለው ስም ከንጉሡ ላይ ወረደ። የወጣበት ስም ቴዎድሮስ ነው፤ ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ፍትሕና ጥጋብ ይዞ ይነግሣል ያለው ንጉሥ ስም። ከግሪክ የመጣ፣ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት የሆነ ስም ነው። ትርጉሙ ከካሳ ብዙም አይርቅም፤ ካሳ ግን ስለሆነው ነገር የወጣ ሲሆን ቴዎድሮስ ይሆናል ስለተባለው የወጣ ነው።

 እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲገሰግሱ የትግራይን መሬት ያለ ውጊያ እንዲያልፉ የፈቀደላቸው ሌላ ካሳ ነበር፦ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ በትግርኛ ካሳይ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ራሱን ከሠዋ በኋላ ያ ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባለ። ሁለቱ ካሳዎች ሲነግሡ ስማቸውን ጥለዋል። አንደኛው የተወለደበት ቋራና ሁለተኛው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቀበት መተማ ጎረቤት ወረዳዎች ናቸው። ከእነርሱ በኋላም ካሳ ኃይሉ የሚባል ሌላ መኮንን ተነሥቷል፤ ከ1922 ዓ.ም. በኋላ በጌምድር የተሰጠው ራስ ካሳ። እርሱ ሦስት ልጆቹን ጣልያን ገደለበት።

ጎንደር ዛሬ ከሁለቱ ስሞች የምትወደው ቴዎድሮስን ነው። አውሮፕላን ማረፊያዋ ዐፄ ቴዎድሮስ ይባላል፤ ፒያሳ ላይ ሐውልቱ ቆሟል። ያ ፍቅር ግን የቆየ አይደለም። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አስዘርፎ አቃጥሏታል፣ የአብያተ ክርስቲያናቷን ንብረት ወደ መቅደላ ጭኗል፤ ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. መጥቶ የቀረውን ሲያነድ ያ ቃጠሎ ገና አልተረሳም ነበር። በዚያ ትውልድ ጎንደሬ ልጁን ቴዎድሮስ ይል ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ስሙን የመለሱት ጸሐፊዎች ናቸው ብንል ብዙም አንሳሳትም፤ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» በየትምህርት ቤቱ ሲነበቡና በየመድረኩ ሲታዩ በየሰፈሩ ቴዲ በዛ። ዝነኛው ድምፃዊ ቴዲ አፍሮ ሙሉ ስሙ ቴዎድሮስ ካሳሁን ነው፤ ልጁ የንግሥናውን ስም ይዞ አባቱ የልደቱን ዘመድ ይዟል። ቅደም ተከተሉ ራሱ የዘመኑን አካሄድ ያሳያል።

ካሳ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለመንፈሳዊ ስሞች መስፋፋት አግዘዋል፤ ናትናኤልና ኢዮስያስ፣ ሶልያናና ሔመን ከከተማ ወደ ገጠር ወጥተዋል። ቃሉ ራሱም ተቀይሯል፤ ለዛሬ ወጣት ካሳ ማለት መንገድ ሲወጣ ለፈረሰ ቤትና ለተወሰደ መሬት መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ በ1997ም በ2011ም አዋጅ የወጣለት ጉዳይ። ካሳው መቼ ነው የሚለቀቀው ተብሎ በሚታማ ቃል ልጁን የሚጠራ አባት ብዙ አይደለም።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ሞቱ ቀንሷል። ደምቢያን በእ.ኤ.አ. 1953 የመታት የወባ ወረርሽኝ ሰው በሺዎች ከጨረሰ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት ጎንደር ከተማ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ዳባት ወረዳ ላይ በሚያካሂደው ክትትል መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ ብለው ይጽፋሉ። በአገር አቀፍ ጥናት በእ.ኤ.አ. 2000 ከሺ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። 67ም ትንሽ አይደለም፣ ብዙ እናት አሁንም ታለቅሳለች። ነገር ግን ከስድስት ልጅ አንድ መቅበር እንደ ዕጣ በሚታይበት ቤትና ክትባት ወስዶ ጤና ጣቢያ በተወለደ ልጅ ቤት መካከል የስም ምርጫው አንድ ሊሆን አይችልም። ካሳ የሚከፈለው ለደረሰ ጉዳት ነው፤ ጉዳቱ ሲያንስ ስሙ ሥራ ይፈታል።

የስም አያያዛችን ደግሞ የሚያፈገፍግ ስምን ወዲያው አይጥልም። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት የሚለው የወሳኝ ኩነት ሕግ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠይቃል። ስለዚህ ካሳ ዛሬ ጎንደር በብዛት የሚገኘው በሦስተኛው፣ በአያት ስም ቦታ ነው። የተመዘገበው ልጅ አድጎ ሲወልድ ካሳ ከመዝገቡ ይወጣል፣ ሰው ዘሩን ሲቆጥር ብቻ ይነሣል።

ባሕር ማዶ ሥርዓቱ ተገልብጧል። ከወለቃ፣ ከአምቦበርና ከስሜን ተነሥተው በእ.ኤ.አ. 1984ና 1991 ዘመቻዎች እስራኤል ለገቡት ቤተ እስራኤላውያን፣ መዝጋቢዎች ለልጆቹ የዕብራይስጥ ስም ሰጥተው የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም አድርገውታል። አሜሪካ የገባ ጎንደሬም ፎርም ሲሞላ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ይጻፍና ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። በአገሩ በሦስት ትውልድ የሚወድቀው ስም እዚያ ማቆሚያ የለውም፣ ወንድና ሴትም አይለይም። ይህ በዚሁ ከቀጠለ ጃናሞራ ላይ ካሳ የሚባል ጨቅላ ከመፈለግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካሳ የሚል የቤተሰብ ስም ያላትን ተማሪ መፈለግ ይቀላል፤ አያቷ ብትሰማ «ካሳነሽ ነበር እንጂ» ማለቷ አይቀርም።