ትከሻና ትንፋሽ

እየተወዛወዝኩ የምናገርበት ሥራ ይዣለሁ። እንቅስቃሴውም ቃሉም ተጽፎ አይጠብቀኝም፤ ሁለቱም እዚያው መድረክ ላይ ይመጣሉ። የሚፈትነኝ ግን ቃል መፍጠሩ ሳይሆን ትንፋሹ ነው።

ሰሞኑን በልምምድ ላይ፣ ልጅ ሳለሁ ከየጁቤ ገበያ ወደ ቤት የምንመለስበትን መንገድ እያወራሁ እስክስታውን ጀመርኩ። «እማዬ አህያዋን እየነዳች…» ከማለቴ ትከሻዬ ቃሉን በጣጠሰው። ድምፄ በኮረኮንች መንገድ አይሱዙ ላይ የተጫነ ሰው ድምፅ ሆነ። ትከሻዬን ስገታ ንግግሩ ጠራ፤ ውዝዋዜው ግን ሞተ።

እንዲህ ሲቸግረኝ አጎቴ ሠርግ ላይ ሲፎክር ትዝ ይለኛል። ዱላውን ይዞ ይንጎራደዳል፣ ድንገት ዞሮ ቀጥ ይላል፣ ተረከዙን ይተክላል። ጋቢው ከደረቱ ላይ ከፍ ሲል ይታያል፤ ቃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ ሲያበቃ እግሩ ይነሳል። አንድ ጊዜ ልምምዴን አይቶ፣ «አንተ ልጅ፣ ምነው ሁለቱን ታጣላቸዋለህ? ተራ ስጣቸው እንጂ» አለኝ።

ሌላም ነገር አለው። ዱላው ጠላት ሲያሳድድ አፉ የአባቱን ስም ይጠራል፤ አንዱ ሌላውን አይተረጉምም። በእኛ መድረክ ግን ግጥም አንባቢው «ልብ» ሲል ተወዛዋዡ ደረቱን ይይዛል፣ «ሰማይ» ሲል ያንጋጥጣል። እኔም አድርጌዋለሁ። ተመልካቹን መናቅ ነው።

አሜሪካዊቷ ትሪሻ ብራውን በ1979 እ.ኤ.አ. በሠራችው ውዝዋዜ ሁለት ታሪኮችን እያፈራረቀች ስታወራ፣ ሰውነቷም ሁለት ውዝዋዜዎችን ያፈራርቅ ነበር። አጎቴን ባላውቀው ኖሮ ይህ ለእኔ ፍጹም እንግዳ በሆነብኝ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ካርሚና ቡራና የተባለውን የዳንስ ትርኢት ከጎዳና ልጆች ጋር ሠራ፤ ከዚያም አዱኛ የዳንስ ቡድን ተወለደ። ለኮንቴምፖራሪ ዳንስ በር ከከፈቱልን አንዱ ይህ ነው። እኔ ስማር ግን ወለልና ክብደት እንጂ አፍ የሚባል ነገር አልነበረም። አፉን ያገኘሁት አገሬ ላይ ነው። ቢቸና አካባቢ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉት ጉባኤ ቤቶች ተማሪ ቅኔ የሚዘርፍበት ምድር ነውና፣ እዚያው ፈጥሮ መናገር ከውጭ የመጣ አይደለም።

አሁን መንገዱን ሳወራ እጄ ፈጽሞ አህያ አይነዳም። እናቴ ጤፍ ስታንገዋልል ሰፌዱ እንደሚዞረው ይዞራል። አራት እርምጃ፣ መዞር፣ ተረከዝ፣ ትንፋሽ፤ ከዚያ «እማዬ»። ትናንት ቃሉ ሳይበጠስብኝ መንገዱ ላይ እስካለው ወንዝ ደረስኩ።