ከመማሪያ ክፍል እስከ ማተሚያ ቤት፤ የተማሪዎች ጋዜጣ የሚያስተምረው ሙያ

ጋዜጠኝነት በንድፈ ሐሳብ ብቻ ተምረው የሚጨርሱት ሙያ አይደለም። የግብርና ተማሪ ያለ ማሳ፣ የሕክምና ተማሪ ያለ ሆስፒታል ሙያውን ጠንቅቆ ሊያውቅ እንደማይችል ሁሉ የጋዜጠኝነት ተማሪም ጽሑፉ የሚታተምበትና አንባቢ የሚመዝነው ጋዜጣ ከሌለው ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ጋዜጣ የሙያው መለማመጃ ተደርጎ የሚወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ ይህን ጉዳይ በቅርበት ለማየት ምቹ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ባለቤት የሆነችው እ.ኤ.አ በ1996 የዲላ መምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲቋቋም ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ በ2000 በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከተጠቃለለ በኋላ እ.ኤ.አ በ2006 ራሱን ችሎ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የመጡ ወጣቶች በአንድ ግቢ ተሰባስበው የሚማሩበት፣ ከግቢው ውጪ ደግሞ ቡና አምራች ገበሬ፣ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ የሚገናኙበት ከተማ ዜና የማይታጣበት ስፍራ ነው።

የተማሪ ጋዜጣ በቅድሚያ የሚያስተምረው ወሬን ከዜና መለየትን ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ዜና "ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እና እንዴት" ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠት እንዳለበት፣ ዋናው ፍሬ ነገርም በመግቢያው ላይ መቀመጥ እንደሚገባው በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስረዳት ይቻላል። ለእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ከግቢ መውጣት ግን የተለየ ሥራ ነው።

ለአብነት ያህል በቡና መልቀሚያ ወቅት የእሸት ቡና ዋጋ ወረደ የሚል ወሬ በዲላ ገበያ ተሰማ እንበል። ጉዳዩን ለጋዜጣው እንዲዘግብ የተመደበ ተማሪ የሰማውን እንዳለ ቢጽፍ ወሬውን አባዛ እንጂ ዜና ሠራ አይባልም። ቡናውን ያቀረበውን ገበሬ፣ የተረከበውን ነጋዴ፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያውን ሠራተኛ፣ እ.ኤ.አ በ2002 የተቋቋመውን የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና የሚመለከተውን የዞኑን መሥሪያ ቤት በየተራ መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ ሂደት ገበሬው የሚናገረው በኪሎ ግራም የእሸት ቡና ዋጋ፣ ነጋዴው የሚጠቅሰው ደግሞ የደረቅ ቡና ዋጋ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል። የሁለቱ ሰዎች አኃዞች የተለያዩት አንደኛው ስለዋሸ ሳይሆን የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር በመሆኑ ነው። ይህን ልዩነት አጣርቶ የጻፈ ተማሪ ስለመረጃ ማጣራት ያገኘው ትምህርት በቀላሉ የሚረሳው አይሆንም።

የቋንቋ ጉዳይም በዚሁ ሥራ የሚገጥም ሌላው ትምህርት ነው። በዞኑ ገጠር ቀበሌዎች የሚገኝ ገበሬ ሐሳቡን በይበልጥ የሚገልጸው በጌዴኡፋ ቋንቋ ነው። ጋዜጣው የሚዘጋጀው በአማርኛ ከሆነ ዘጋቢው የሰውየውን ቃል መተርጎም ግድ ይለዋል። የተናጋሪውን ቃል አሳምሮ ማቅረብ አንድ ነገር ሲሆን ያላለውን እንዳለ አድርጎ ማቅረብ ግን ከባድ የሙያ ጥፋት ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ተማሪ ከሚያውቀው ባልደረባው ጋር ተጣምሮ መሥራት ይኖርበታል። ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ ተማሪዎች በአንድ ዝግጅት ክፍል መሰባሰባቸው ጠቀሜታው በዚህን ጊዜ ይታያል።

ዜናው ከተጻፈ በኋላም ትምህርቱ ይቀጥላል። ጽሑፉ ለአዘጋጁ ሲቀርብ "ይህን ማን ነገረህ? ተቃራኒውን ወገን አነጋግረሃል? ይህ ቁጥር ከየት ተገኘ?" የሚሉ ጥያቄዎች ይነሣሉ። አዘጋጁም ራሱ ተማሪ በመሆኑ የጓደኛውን ጽሑፍ ያለ ይሉኝታ ማረምን፣ ዘጋቢውም እርማትን ያለ ቅሬታ መቀበልን ይለማመዳሉ። ከዚያም የገጽ ቅንብር፣ የፊደል እርማትና የማስረከቢያ ሰዓት አለ። ለመምህር የሚቀርብ የቤት ሥራ ቢዘገይ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ለጋዜጣ የሚቀርብ ጽሑፍ ሲዘገይ ግን ገጹ ባዶ ይቀራል፤ የሌሎችም ድካም ይስተጓጎላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው በጽሑፉ ስሙ የተነሣው ሰው በማግስቱ በግቢው ወይም በከተማው መንገድ ላይ የሚገኝ መሆኑ ነው። ስሙ በስሕተት የተጻፈ ወይም የተናገረው የተዛባበት ሰው ቅሬታውን ይዞ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ይመጣል። ስሕተቱን መርምሮ በሚቀጥለው እትም ማረምና ለተወቀሰ ወገን የመልስ ዕድል መስጠት የሙያው ሥነ ምግባር መሠረት ነው። ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አለመፍረድ ለጌዴኦ ሕዝብም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ጉዳይ የሚያዩበት ባህላዊ ሥርዓት የሚታወቀው ባለጉዳዮችን በማድመጥ ነው።

በኢትዮጵያ የተማሪዎች ጋዜጣ የኋላ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች "ኒውስ ኤንድ ቪውስ" የተባለ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትሎ ከተመለሰ በኋላ በመነንና በአዲስ ሪፖርተር መጽሔቶች እንዲሁም በኢትዮጵያን ሄራልድና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች በአዘጋጅነት ሠርቷል፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም በከፍተኛ ኃላፊነት አገልግሏል። "ኦሮማይ" የተሰኘው ልቦለዱ በ1975 ዓ.ም ከታተመ በኋላ ከሥራው ተሰናብቶ በ1976 ዓ.ም የደረሰበት ሳይታወቅ ቀርቷል። በተማሪ ጋዜጣ የተጀመረው የሙያ ጉዞው በአገሪቱ ታላላቅ የኅትመት ውጤቶች ዝግጅት ክፍሎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማለፉ የተማሪ ጋዜጣ ለሙያውም ሆነ ለመንግሥት አገልግሎት ሰው የሚወጣበት ስፍራ መሆኑን ያመለክታል።

ሌላው የወቅቱ ኅትመት "ስትራግል" ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ልሳን የነበረው ይህ ኅትመት በኅዳር 1962 ዓ.ም ዋለልኝ መኮንን ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ በማውጣቱ በታሪክ ይጠቀሳል። ጽሑፉ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሲሆን በተማሪዎች ኅትመት የወጣ ሐሳብ ከግቢ አጥር አልፎ የአገር መነጋገሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ለዛሬ ተማሪም የሚሰጠው ትምህርት አለ፤ ዜናና አስተያየት የተለያዩ መሆናቸውን አውቆ እያንዳንዱን በየቦታው ማስቀመጥ እንደሚገባ ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ተመሳሳይ ነው። በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ በ1908 ትምህርት በጀመረበት ዕለት "ዩኒቨርሲቲ ሚዙሪያን" የተባለውን ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም አውጥቷል። ተማሪዎቹ በመምህራን አዘጋጅነት እየተመሩ ከግቢው አልፈው ለከተማው ሕዝብ ዜና ያቀርቡ ነበር። በደቡብ አፍሪካም ሮድስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ ከ1870 ጀምሮ ይታተም የነበረውን "ግሮኮትስ ሜይል" የተባለ የከተማ ጋዜጣ እ.ኤ.አ በ2003 ገዝቶ ለተማሪዎቹ መለማመጃ አድርጎታል። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው የሚጽፈው ለእውነተኛ አንባቢ ነው።

ይህ ሁሉ ሊሳካ የሚችለው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ ነው። የተማሪ ዘጋቢ ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው መልስ "መታወቂያህ የታለ? ደብዳቤ አጽፈህ ና" የሚል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመፈለግና የማግኘት ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590ም በሕግ ከተጠበቁት በስተቀር በመንግሥት አካላት እጅ የሚገኝ መረጃን የመጠየቅ መብትን የሰጠው ለማንኛውም ሰው እንጂ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። ለጥያቄው በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥም የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውን ያስገድዳል። በ2013 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ይህን አዋጅ ሲተካ የመረጃ ነጻነትን የሚመለከቱትን ድንጋጌዎች አልሻረም። ስለሆነም መረጃ ጠያቂው ተማሪ መሆኑ ብቻውን ምላሽ ለመከልከል በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ ከተማሪው መብትም በላይ ነው። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በእንዲህ ያለ ወቅት የተፈናቃዮች ቁጥር፣ የእርዳታ አቅርቦትና የመመለሻ ጊዜ በየሰዓቱ በወሬ ይለዋወጣል። ያልተጣራ ወሬ ሰውን ከቤቱ ሊያስወጣ፣ የተጣራ መረጃ ደግሞ ሊያረጋጋ ይችላል። በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚያውቁ፣ መንገዱንና ሰዉን የሚለዩ፣ መረጃ ማጣራትን የተለማመዱ ወጣቶች መኖራቸው ለአካባቢው ሰላም የሚኖረው ፋይዳ ቀላል አይደለም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ከዛፍ፣ ከእንሰትና ከቡና ጥምር እርሻው እስከ ትክል ድንጋዮቹ ድረስ በአግባቡ የሚዘግብ ባለሙያ እንዲኖር የግድ ይላል።

የተማሪ ጋዜጣ ችግሮችም አሉበት። የኅትመት ወጪ ከፍተኛ ነው፤ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ስለሚመረቁ ልምድ ያለው አዘጋጅ በየጊዜው ይለቃል፤ ጋዜጣው የተቋሙ ማስታወቂያ ብቻ እንዲሆን የሚደረግ ግፊትም ያጋጥማል። ወጪውን በተመለከተ በየትምህርት ቤቱ በሚኒ ሚዲያ ክበባትና በግድግዳ ጋዜጣ የዳበረው ልምድ መነሻ ሊሆን ይችላል። በፎቶ ኮፒ የተባዙ ጥቂት ገጾች ወይም የቴሌግራም ቻናል ሥራውን ለመጀመር ይበቃሉ፤ ማጣራቱና እርማቱ እስካልተጓደለ ድረስ ሙያው ያው ነው። የአማካሪ መምህሩ ድርሻ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ማስረጃውን የሚጠይቅ መምህር ያስተምራል፤ ደስ የማይለውን ሁሉ የሚሰርዝ መምህር ግን ተማሪው ራሱን እየፈራ እንዲጽፍ ያደርገዋል።

ዛሬ በዲላ የሚማረው ወጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ በክልል ወይም በፌዴራል መገናኛ ብዙኃን ዘጋቢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከኃላፊዎች ጋር በመጀመሪያ የሚተዋወቀው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ በራቸውን ሲያንኳኳ ነው። ያኔ ተገቢውን መልስ ያገኘ ወጣት መረጃ የሚገኘው በመጠየቅ መሆኑን ይማራል፤ ተገፍቶ የተመለሰው ደግሞ ወሬን መጻፍ ይቀልለዋል። በመሆኑም የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች እንዲሁም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ለተማሪ ዘጋቢ የሚሰጡትን ጥቂት ደቂቃ ነገ አብሯቸው የሚሠራውን ባለሙያ ማሠልጠኛ አድርገው ሊመለከቱት ይገባል።