ድምፅ በማሽን ቢሰጥም ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል?

በምዕራብ ሸዋ ዞን የአደአ በርጋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው እንጭኒ አንድ ገበሬ እህሉን ሲሸጥ ሚዛኑን ቢጠራጠር መፍትሔው ቅርብ ነው። ጆንያው በቦታው ስላለ በሌላ ሚዛን ዳግም ይመዘናል። እህሉ ከተወሰደ በኋላ ግን ሚዛኑ ትክክል ይሁን አይሁን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ አሰጣጥ የወረቀት ማስረጃ አስፈላጊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማሽኑ ሚዛን፣ ወረቀቱ ደግሞ እህሉ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ መራጩ ምልክት ያደረገበትን ወረቀት በሳጥን ከትቷል፤ ቆጠራውም በየምርጫ ጣቢያው ተከናውኗል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ዲጂታል የመራጮች ምዝገባን አስተዋውቋል። ይህም ድምፅ መስጠትስ መቼ ወደ ማሽን ይሸጋገራል የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ሆኖም ሁለቱ ይለያያሉ። ስሙ በመዝገብ ላይ የተሳሳተበት ሰው ስሕተቱን አይቶ ማሳረም ይችላል፤ ድምፁ በማሽን ውስጥ ቢዛባ ግን የሚያይበት መንገድ የለውም።

«ገንዘባችን በስልክ ይንቀሳቀስ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ ገንዘቡን ማን እንደወሰደ ለይቶ አብዛኛውን ማስመለስ የቻለው እያንዳንዱ ወጪ ከባለሂሳቡ ስም ጋር ስለተመዘገበ ነው። የምርጫ ድምፅ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት ምስጢር ነው። ስም ስለማይያያዝበት፣ ስሕተት ቢፈጠር ወደ መራጩ ተመልሶ «ማንን መረጥህ?» ብሎ ማመሳከር አይቻልም።

ማሽን ደግሞ ያለ ማንም ተንኮል ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጂየም ስካርቤክ በተባለ ስፍራ ለአንዲት ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተቆጥሮላት ነበር። ስሕተቱ የታወቀው ቁጥሩ ሊሆን ከሚችለው በላይ በመሆኑ ሲሆን፣ የታረመውም መራጮች የተጠቀሙባቸው ካርዶች ተቀምጠው ስለነበር ዳግም በመቆጠራቸው ነው። ትርፉ አነስ ያለ ቢሆን ኖሮ ማንም ላያስተውለው ይችል ነበር።

በአፍሪካ ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 ብሔራዊ ምርጫዋን በኤሌክትሮኒክስ ማሽን ስታካሂድ ማሽኖቹ የወረቀት ማስረጃ አልነበራቸውም። ጉዳዩ ከ2019ኙ ምርጫ በኋላ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የምርጫውን ውጤት ባይሽርም፣ ሊመሳከር የሚችል ወረቀት በሌለበት በማሽኖቹ መጠቀም ሕገ መንግሥቱን እንደሚፃረር ወሰነ። አገሪቱም በ2024 በወረቀት መርጣለች።

አሠራሩ በሕንድ በግልጽ ይታያል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በሰጠው ውሳኔ መነሻነት፣ መራጩ ቁልፉን ሲጫን የዕጩው ስምና የምርጫ ምልክት የሰፈረበት ወረቀት ታትሞ ለ7 ሰከንድ በመስታወት ውስጥ ይታያል፤ ከዚያም በታሸገ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ምልክቱ መኖሩ ፊደል ያልቆጠረ መራጭም ድምፁን በዓይኑ እንዲያረጋግጥ ያስችለዋል። ወረቀቱን ይዞ መውጣት ግን አይፈቀድም። ቢፈቀድ ኖሮ ድምፅ የሚገዛም ሆነ መራጩን የሚያስፈራራ ሰው «አሳየኝ» ለማለት ማስረጃ ያገኝ ነበር።

ወረቀት መታተሙ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ማንም የማይቆጥረው ወረቀት ከማሽኑ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም፤ ጠባቂ የሌለው ሳጥንም ወረቀቱ እንዳልተለወጠ አያረጋግጥም። ስለዚህ በዕጣ በተመረጡ ጣቢያዎች ወረቀቶቹ የዕጩዎች ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት በእጅ ሊቆጠሩና ከማሽኑ ውጤት ጋር ሊመሳከሩ ይገባል። ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸናም ሕጉ ከምርጫው በፊት መደንገግ አለበት።

ማሽን ቆጠራን ሊያፋጥን ይችላል። ይሁንና የምርጫ ውጤት አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን ተሸናፊውንም ማሳመን ይጠበቅበታል። ወደፊት በእንጭኒም ሆነ በአምቦ የድምፅ መስጫ ማሽን ሲቀርብ፣ ውጤቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል ከሚለው አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ክርክር ቢነሣ ዳግም የሚቆጠረው ምንድን ነው የሚለው ነው።