ባዶ ተለዋዋጭና የሚሰርዝ ትእዛዝ

ከዓመታት በፊት አሮጌ ፋይሎችን በየሌሊቱ የሚያጸዳ የባሽ ስክሪፕት ስጽፍ የተለዋዋጩን ስም አንድ ፊደል ገደፍሁ። ባሽ ዋጋ ያልተሰጠውን ተለዋዋጭ እንደ ባዶ ስለሚቆጥር፣ «በዚህ ማውጫ ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ያልሁት «በሥር ማውጫው ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ሆነ። አርኤም ሥር ማውጫውን ራሱን ሰርዝ ቢባል እምቢ ይላል፤ ነገር ግን የኮከብ ምልክቱን አስቀድሞ በየማውጫው ስም የሚተካው ባሽ ነውና መከላከያው አልሠራም። (የዚያን ጠዋት የስልክ ጥሪ አልረሳውም።)

ስለዚህ በስክሪፕቱ ራስ ላይ «ሴት» የተባለውን ትእዛዝ ከ«ዩ» አማራጭ ጋር ጻፉ፤ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ ሲያጋጥም ሥራው እዚያው ይቆማል። ዋጋ ተሰጥቶት ባዶ የሆነውን ግን ያሳልፋል፤ ለእርሱ በጠምዛዛው ቅንፍ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት ይጨመራል። እኔ ዛሬም ከአርኤም ፊት «ኤኮ» ጨምሬ፣ ሊሰረዙ የተሰለፉትን ስሞች ሳላነብ አላልፍም።