ክሬዲት ያነሰው ልጅ ምን ያድርግ?

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው ዋሽንግተን ግዛት፣ በተለይም በሲያትልና በዙሪያዋ፣ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ከእነርሱ ዘንድ ደጋግመን የምንሰማው ጭንቀት በአሥራ ስድስት በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከአገር ቤት የገባ ልጅ ጉዳይ ነው።

እዚያ ከክፍል ወደ ክፍል ማለፍ ብቻውን አያስመርቅም። ተማሪው ላጠናቀቀው ትምህርት ሁሉ ክሬዲት ይቆጠርለታል፤ ከ2019 ተመራቂዎች ወዲህ የግዛቱ መመዘኛ 24 ክሬዲት ሆኗል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ይህን ሲያሰላ መንገዱ ይረዝምበታል፤ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጡ ያሳፍረዋል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ጥሎ ሥራ ይገባል። ወላጆቹም በሁለት ሥራ ተወጥረው ስለሚውሉ ነገሩን የሚሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። በሩ ግን አንድ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ከአገር ቤት የመጣው ትራንስክሪፕት ሻንጣ ውስጥ አይቅር። በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል የተማረው ሊያዝለት ስለሚችል ከነማኅተሙ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ይቅረብ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨን ብዙ ወላጅ ያልሰማው የቋንቋ ክሬዲት ነው። አሠራሩን በተቀበሉ የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች ተማሪው በቤቱ የሚነገረውን ቋንቋ ተፈትኖ እንደ ችሎታው ከአንድ እስከ አራት ክሬዲት ያገኛል። አማርኛም፣ ሶማልኛም፣ ዐረብኛም ይፈተናሉ። አራት ክሬዲት እኮ የጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ነው! ፈተናው ግን በመናገር ብቻ አይታለፍም፤ መጻፍም አለ። አማርኛን ከእናቱ አፍ የለመደ፣ ፊደል ግን ያልቆጠረ ልጅ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ቅዳሜና እሑድ ልጆች ለቁርኣን በሚሰበሰቡበት ቦታ አንድ ሰዓት ለሀ ሁ ቢመደብ ምን ይጎዳል? ዐረብኛን በተመለከተም እንዳንዘናጋ፦ ቁርኣንን አሳምሮ መቅራት ታላቅ ጸጋ ነው፤ ፈተናው የሚጠይቀው ግን በቋንቋው የራስን ሐሳብ መግለጽ ነውና ሁለቱን አናምታታቸው።

ሌላው መንገድ በ1990 በወጣ ሕግ የተጀመረው ረኒንግ ስታርት የተባለው ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የትምህርት ክፍያ ሳይከፍል ይማራል፤ አምስት የኮሌጅ ክሬዲት እንደ አንድ የሃይስኩል ክሬዲት ተቆጥሮ በሁለቱም ቦታ ይመዘገብለታል። መጽሐፍና መጓጓዣ በቤተሰቡ ላይ ነው። ተማሪው የክፍለ ጊዜውን ሰዓት ራሱ ስለሚመርጥ ለጁሙዓ ሰላት ቦታ መተው ይቻለዋል። ይሁንና እንግሊዝኛው ያልጠና ልጅ በችኮላ አይግባበት፤ የወደቀበት ኮርስ በኮሌጅ መዝገቡ ላይ ይቀራልና።

እጅ ሥራ ለሚወድ ደግሞ የሙያ ማዕከላት አሉ። ተማሪው ግማሹን ቀን በዚያ ውሎ የነርስ ረዳትነት ወይም የመኪና ጥገና የመሰለ ሙያ ይማራል፤ ክሬዲትም ይቆጠርለታል። «ልጄ ሐኪም እንጂ መካኒክ አይሆንም» የሚል ወላጅ አለ። የነርስ ረዳት ሆኖ እየሠራ ወደ ነርስነት የሚያድግ ልጅ ግን ምን ጎደለው?

አቋርጦ ለወጣው ጂ ኢ ዲ የሚባለው ፈተና አለ። በአራት ትምህርቶች ይሰጣል፤ በእያንዳንዳቸው 145 ነጥብ ያስፈልጋል። ያለፈ የሚያገኘው ግን አቻ የምስክር ወረቀት እንጂ ዲፕሎማ አይደለም። ዲፕሎማውን የሚፈልግ፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው፣ በኮሚኒቲ ኮሌጆች ሃይስኩል ፕላስ የተባለውን ይጠይቅ፤ በዚያ በሥራና በኑሮ የተገኘ ዕውቀት ጭምር ይያዝለታል። 18 ስለሞላው ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጣ የተባለ የመሰለው ልጅም ይመለስ፤ በግዛቱ በነጻ የመማር መብቱ እስከ 21 ዓመት ይዘልቃል።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ወላጅ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብሎ አይቅር፤ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ተማሪው ራሱ እንዲያስተረጉም ግን አይደረግ። የቀረበትን ቀን ሁሉ አሳምሮ አይተረጉመውምና።