ሐኪሙ ያልጠየቀው ጥያቄ

በምሥራቅ ጎጃም እነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ መርጡለ ማርያም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የሚያገኙት ሐኪም ብዙ ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣች ሴት ፊቱ ተቀምጣ «ከወገቤ በታች ያመኛል» ትልና ዝም ትላለች። አማቷ ከጎኗ ቆመዋል። «እማማ፣ አንድ አፍታ ውጭ ይጠብቁን» የሚል ሐኪም አለ። መድኃኒት ጽፎ ተረኛውን የሚጠራም አለ።

ይህን ልዩነት የሚያመጣው የትምህርት ማነስ አይደለም። የሕክምና ተማሪ ስለ ጨብጥ ቢጠየቅ ተህዋሲውን፣ መድኃኒቱንና መጠኑን ሳይደናቀፍ ይናገራል። በሽታው በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት እንደሚቆይ፣ የማህፀን ቱቦን ዘግቶ እንደሚያመክን፣ ባልየው አብሮ ካልታከመም ተመልሶ እንደሚይዛት ያውቃል። ባሏን አስጠርቶ ይህንኑ ፊት ለፊት መንገር ግን ሌላ ችሎታ ነው። መካን የተባለች ሴት ትዳሯ በሚፈርስበት አገር፣ ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ዋጋው ከባድ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃሮልድ ሊፍ ይህን ቀደም ብለው አይተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዴቪድ ሪድ ጋር ያዘጋጁት የሕክምና ተማሪዎች መመዘኛ ስለ ወሲብ ያላቸውን ዕውቀትና አመለካከት ለየብቻ ይለካ ነበር። የኛም ተማሪ ነጭ ጋዋን ስለለበሰ አስተዳደጉ አይለወጥም፤ እንደ ታካሚዎቹ ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ በማይወራበት ቤት ነው ያደገው። ይህ ዝምታ በአገር አቀፍ ጥናትም ይታያል፦ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት የነበራቸው ሴቶች 20 በመቶ፣ ወንዶች 38 በመቶ ብቻ ነበሩ።

አመለካከት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በጽንስ ማቋረጥ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ድርጊቱ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ ተደፍራ ወይም ከቅርብ ዘመዷ የፀነሰች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ የወደቀ፣ ዕድሜዋ ለአካለ መጠን ባለመድረሱ ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ሴት ከነዚህ ውስጥ ናት። አንቀጽ 552 ደግሞ ተደፍሬ ነው ላለች ሴት ቃሏ ብቻ ይበቃል ይላል። የጤና ሚኒስቴር መመሪያም ለዕድሜዋ ማስረጃ እንዳይጠየቅ ያዛል።

የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግን ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር ገና አልጠፋም። ከዚያ የምትመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሕጉን አታውቀውም። የምታውቀው የሐኪሙን ፊት ነው። ሐኪሙ ፊቱን ካጠቆረ ወጥታ ትሄዳለች፤ የምትሄደውም ሥርና ቅጠል ወደሚያቀምሳት፣ ደም እየፈሰሳት ወደሚመልሳት ሰው ሊሆን ይችላል። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም የሚለውን ወጣት ሐኪም ኅሊና አከብራለሁ። ሳያዋርዳት፣ ቀን ሳያሳልፍባት ለሚረዳት ባልደረባ ማስተላለፍ ግን ግዴታው ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሐኪሞችን ለዚህ ለማዘጋጀት መሞከሩ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2014 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመውና በዶክተር ሰናይት ፍስሐ የተመራው የሥነ ተዋልዶ ጤና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የቤተሰብ ምጣኔንና ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎትን ከመደበኛው የሕክምና ትምህርት ጋር ለማዋሃድ ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተማሪው ሉፕ ማስገባትንና በክንድ የሚቀበር መከላከያን፣ ሴቲቱን የማማከር ጥበብንም፣ ከመመረቁ በፊት በእጁ ይልመድ።

እኔ ከዚህም አንድ እርምጃ ይጨመር እላለሁ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በጎንደር የሚማር ተማሪ በተግባር ፈተናው አንዲት የገጠር እናት ፊት ይቀመጥ፤ አማቷም አብረው ይግቡ። ፈታኙ መጀመሪያ ነጥብ የሚሰጠው አማትየውን በአክብሮት አስወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ እናቲቱ በምትናገረው አማርኛ ሳያፍር ለጠየቃት ይሁን። የመድኃኒቱ መጠን ከዚያ በኋላ ይጠየቅ።